አውራ ጣት

ከወገልጤና ወዲያ፣ በሽሎ ከሚታይበት አፋፍ ላይ፣
ደብሩ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከተቀደደ ከበሮ በላይ፣
አንድ የፈረንጅ ሥዕል አለ፤
በጣውላ ላይ፣ በዘይት ቀለም የተሳለ።
እንዴት እንደ መጣ የሚያውቅ የለም፤
አንዱ «በግመል» ይላል፣ ሌላው «በህልም»።

ለቅሶ ነው።
ልጅ ሞቶ፣ እናት ታቅፋ፣
አንዲት ጸጉረ ረጅም እጇን ወደ ሰማይ አጥፋ፣
አንድ ሽማግሌ ችንካሩን ይዞ
የት እንደሚያኖረው ጠፍቶት፣ ፈዝዞ።
የቀረውን የስንት ዘመን ጧፍ በልቶታል።
የልጁ ዓይን ግን ይታያል፤
ገርበብ ያለ፣
እንደ በር፣ ሰው ይመጣል ተብሎ እንዳልተዘጋ።

መሪጌታ ፍሥሐ ጽዮን በየዓመቱ ስቅለት ያስወጡታል፤
በመቋሚያቸው ጫፍ ያሳያሉ፤
«ዮሴፍና ኒቆዲሞስ ሲገንዙት፣ ዓይኑን ገልጦ አያቸው» ይላሉ፤
«ያቺ ሰዓት ይህቺ ናት።»
ሕዝቡ ይሰግዳል።
እኔም ሰግጃለሁ፣ በልጅነት ጉልበቴ፣
ያ ዓይን እያየኝ።

በጦርነቱ ወራት ሥዕሉ ቆላ ወረደ፤
ሼህ ይማም ደጅ፣ ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ፣ በሰሌን ተጠቅልሎ ከረመ።
እህል ፍለጋ የመጡት «ከታች ምን አለ?» አሏቸው።
«ሬሳ» አሉ ሼሁ።
አልዋሹም።

ወንድሜ ይርዳው በዚያው ክረምት ሄደ።
ሬሳው አልመጣም።
ደብዳቤ መጣ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ።
ለቅሶው ላይ ያቆምነው የመታወቂያ ፎቶውን ነው፤
ደሴ ወስደን ብናስጎላው፣
ሲጎላ ፊቱ ጠፋ፤ ነጥብ ነጥብ ሆነ።
አልቃሿ አንጓች ነጥቡን አየች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፤

«ለቀስተኛው መጣ፣ ድንኳኑ ሞላልህ፤
ሁሉም ደርሶ አለቀ፣ አንተ ብቻ ቀረህ።»

እናቴ አላለቀሰችም።
«ዓይኑን ማን ጨፈነለት?» ትላለች ብቻ፣
ውሃ ስትቀዳ፣ በር ስትዘጋ።
ጎረቤት «መልአኩ» ቢላት፣
«መልአክ አውራ ጣት አለው?»

ስቅለት ደረሰ።
ሥዕሉ ከቆላ ተመልሶ፣ ገና ማሽላ ማሽላ ይሸታል።
መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡ፤ «ሲገንዙት…» ሲሉ
እናቴ ተነሣች።
ሰዉን ሰንጥቃ አለፈች።
እመቤታችንን አላየቻትም፤
«እሷስ ታቅፋዋለች» አለች ቀስ ብላ።
አውራ ጣቷን በምራቋ አራሰች፣
ትምህርት ቤት ስንሄድ ፊታችንን እንደምትጠርገው፤
ከዓይኑ ላይ አሳረፈች፣
ወደ ታች ሳበች።
ዲያቆኑ «እማማ!» አለ።
ጥላሸቱ ለቀቀ።

ከሥር ቆዳ ወጣ፤ የገረጣ፣ የዕንቁላል ልጣጭ የመሰለ፤
ያ ስንሰግድለት የኖርነው ብልጭታ፣ የሰም ፍንጣሪ ኖሯል።
ዓይኑ ጭፍን ነው።
ድሮውንም ጭፍን ነው።
ያ ስሙን የማናውቀው ሠዓሊ
ጨፍኖለታል፣ ሽፋሽፍቱን አንድ ባንድ ከድኖ።

መቋሚያው አየር ላይ ቀረ።
አርባ ዓመት ያስተማሩት በአንዲት ጣት ተጠርጎ፣
መሪጌታ አላፈሩም፣ አልተቆጡም፤
ጎንበስ ብለው አዩና
«ቀደም ያለችውን ሰዓት ነው የሳላት» አሉ፣
«ገና ሳይገልጥ።»

እናቴ አልሰማቻቸውም። ጣቷን ታያለች፤ ጥቁር ነው።
«አየሽ» አለችኝ፣ «ያላየነው ሰው ጨፍኖለት ነበር።»
ይህን ብላ መሬት ተቀመጠች፤
ከደብዳቤው ወዲህ ያላወጣችውን ድምፅ አወጣች።
አንጓች ከሴቶቹ መሐል ነበረች፤
ግጥም አልሰጠቻትም፤
ነጠላዋን ብቻ ዘቀዘቀች።

በሳምንቱ ገበያ ላይ ሼህ ይማም አገኙኝ፤
በቅሏቸውን አቁመው፣
«ያ እንግዳዬ እንዴት ሆነ?»
«ተኝቷል» አልኳቸው።